በአመድ የታሸ መስተዋት

ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ አርብ ገበያ ላይ አንድ ባለጥምጥም ሽማግሌ ከፈረንጅ የተረፉ ሁለት የኮከብ መነጽሮች ያማርጡ ነበር። ጣቶቻቸው በቀለም ጠቁረዋል። ነጋዴው ረጅሙን፣ የናስ ቱቦው የሚያብለጨልጨውን አቀረበላቸው። የጫፉን መስተዋት ከዓይናቸው አስጠግተው አገላበጡና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«በምን አሸኸው?»

«በአመድ ነዋ፣ አባቴ! እንደ ናሱ እንዲያበራ ብዬ።»

«ዓይንህንም በአመድ ታሻለህ? ቧጭረኸዋል እኮ!»

ወርውረውለት አቧራ የለበሰውን አጭሩን አነሡ። ነጋዴው ሊወለውልላቸው እጁን ሲሰድ በመቋሚያቸው መቱት።

«ንክች እንዳታደርገው!»

«ምን ሊያዩበት ነው እንዲህ የሚቆጡት?» አለ እጁን እያሻሸ።

«ሰማዩን ነዋ! ፀሐይና ጨረቃውን፣ ከዋክብቱን አርባ ዓመት በቃሌ አስተማርሁ። ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አንድ ቀን እንኳ ልየው እንጂ!»