የቆላዋን ሴት ቃል ጮክ ብዬ ሳነብ

ከደባርቅ ሁለት ሰዓት በእግር በምታስኬድ መንደር አንድ በጋ ሙሉ ሴቶችን ሳነጋግር ከረምኩ። ሥራዬ ቁጥር መሰብሰብ አልነበረም፤ ስለ ወሊድ መከላከያ የሚሉትን ቀድቼ ቃል በቃል መጻፍ ነው።

ከሁሉም አንዷን ወደድኳት። በጎቿን እየጠበቀች፣ ዙሪያዋን ደጋግማ እየቃኘች አወራችኝ። አምስት ወልዳለች፤ በመጨረሻው ደም ፈስሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። አሁን ባሏ ሳያውቅ መርፌ ትወጋለች። «ካወቀ ይገድለኛል» አለችኝ ሳቅ ብላ። ሳቋ አላማረኝም። «ስምሽ የትም አይወጣም፣ እናቴን!» ብዬ ማልኩላት።

ስሟን አላወጣሁም። እሱማ እውነት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ያገኘነውን ለመንደሩ ሰው መልሰን እናነባለን፤ የተሳሳትነው ካለ እንዲያርሙን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ፤ አብዛኛው ወንድ። እሷ አልመጣችም። አነበብኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ የምወደው ቃል ላይ ደረስኩ፤ «ከአዲ አርቃይ ቆላ ለዚህ ብርድ ተድሬ መጣሁ። ብርዱንስ ለመድኩት፤ በየዓመቱ መውለዱን ግን አልቻልኩም። ገበያ ስወጣ መርፌዬን ተወግቼ እመለሳለሁ፤ እሱ አያውቅም።»

እኔን የሚያየኝ የለም። ሁሉም አንገቱን አዙሮ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ያያል።

ከጎኔ የቆመችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ክንዴን ጨመደደችኝ። «ምን ነካሽ አንቺ! ከቆላ ተድራ የመጣች በዚህ መንደር እሷ ብቻ ናት!» አለችኝ በሹክሹክታ።

ምን ዓይነቷ ጅል ነኝ! ስሟን ሰርዤ አገሯን ተውኩት። አነጋገሯ አምሮኝ እኮ ነው፤ ቆርጬ መጣሉ አሳሳኝ።

ሰውየው ብድግ ብሎ ጋቢውን አጣፋ። አልተቆጣም፤ ምነው በተቆጣ! «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፤ ደኅና አድርገሽ አነበብሽልን» አለና ዱላውን አንስቶ ወደ ቤቱ የሚወስደውን ቁልቁለት ተያያዘው።

ከቤት ትውጣ፣ ጎረቤት ትግባ፣ ብቻ ከእሱ በፊት ትስማ ብዬ፣ ለቀጠሮ የሰጠችኝን ቁጥር ደወልኩ። ጠራ።

ቁልቁለቱ ላይ ሰውየው ቆመ። ከጋቢው ሥር ስልክ አወጣና አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ስልክ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አየኝ።

አነሳው።

«አቤት» አለኝ፤ «ማንን ፈልገሽ ነው?»