ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ የገባው ጎል

ዳኛ ሆኜ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ እስከ ዛሬ «ያ የፈረደው አስተማሪ» እያሉ የሚያነሡኝ ሽማግሌዎች አሉና። ስሜ ፈለቀ ነው፤ አገሬ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ። መንዝ የገባሁት በ1953 ዓ.ም. ሒሳብ ላስተምር እንጂ ርስት ላካፍል አልነበረም። በዕድሜዬ የፈረድኩት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም መፍረዴን ሳላውቅ፣ ያውም ተሳስቼ።

ነገሩ የአቶ ወዳጆ ነው። አቶ ወዳጆ ቁመታቸው መለል ያለ፣ እግራቸው የማይደክም፣ በሄዱበት ሁሉ አንዲት የቆዳ ከረጢት ከትከሻቸው የማትለይ ገበሬ ነበሩ። ከረጢቷ ውስጥ ያለው የክስ ወረቀት ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአጎታቸው ልጅ ከአቶ መርስዔ ኃዘን ጋር በአንዲት የገብስ ማሳ ተካሰሱ። ማሳዋ የአያታቸው የጎበዜ ርስት ናት፤ ከምንጩ በታች ያለች፣ አፈሯ ጥቁር። አንዳቸው አያቴ ለኔ አባት ነው የሰጠው ይላሉ፤ ሌላኛው የለም፣ ለኔ አባት ነው ይላሉ። ምስክሮቹ ሞተው አልቀዋል። አንዱ ችሎት ለአቶ ወዳጆ ይፈርዳል፣ ይግባኙን ያየው ይሽረዋል፣ ነገሩ እንደገና ከሥር ይጀመራል። ማሳዋ በእግድ ስለተያዘች በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ሞፈር አልነካትም፤ ሣር ብቻ አበቀለች። ምነው እንዲህ ከምትሆን ክሱን ቢተዉት ብላቸው አቶ ወዳጆ የሁልጊዜ መልሳቸውን ሰጡኝ፤ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች አሉ።

የኔን ጭንቅላት ያዞረው ግን ሌላ ነው። ቀጠሮው ደብረ ብርሃን ሲሆን ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ነው የሚሄዱት። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሽፍታም አለ፣ ብቻውን ማን ይሄዳል? የአቶ ወዳጆ ባለቤት እማማ ወለተኪዳን በሶውን ለሁለቱም ይቋጥሩላቸዋል። ሲመሽባቸው አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበው ይተኛሉ። ችሎት ፊት ሲቆሙ ቀማኛ፣ ውሸታም ይባባላሉ። ከዚያ የተረፈችውን በሶ በጥብጠው ጠጥተው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። እኔ በበኩሌ ይህ የመንዝ ነገር ዛሬም አልገባኝም።

በ1950 ዓ.ም. እንዲሁ ቀጠሮ ሄደው ሳለ የአቶ ወዳጆ አንድያ ልጅ፣ ስሙ ተገኘ፣ በትኩሳት ታሞ ሞተ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መርዶው መንገድ ላይ ሲደርሳቸው ልጁ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አቶ መርስዔ ኃዘን እዚያው መሬት ላይ ተደፍተው ከአባትየው እኩል አለቀሱ አሉ። ሐዘኑ በረድ ሲልም፣ ይብቃን፣ ማሳዋን እንካፈላት ብለው ሽማግሌ ላኩ። አቶ ወዳጆ አሻፈረኝ አሉ።

«ከተካፈልኩማ፣ ልጄን አፈር ሳላለብስ የቀረሁት ለምን ነበር ልበል?»

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ የላከባቸው የለም። መርታት ነበረባቸው፤ አለዚያ የልጃቸው ሞት ከንቱ የሚቀር መሰላቸው። ቀጠሮው ቀጠለ፣ አብሮ መሄዱም ቀጠለ።

በዚህ መሐል ነው እኔ ጣጣዬን ይዤ የመጣሁት፤ ሬዲዮ ገዛሁ። ጥር 1954 ላይ አዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫ ይደረግ ነበር። የኛ ልጆች ቱኒዚያን አራት ለሁለት አሸንፈው ለፍጻሜ ደርሰዋል፤ እሑድ ጥር 13 ግብፅን ይገጥማሉ። ይህን ወሬ በዋዜማው፣ የሚካኤል ታቦት ገብቶ ጠላ በሚጠጣበት ሰዓት፣ እኔው በገዛ አፌ አወራሁት። ዋንጫው እስካሁን ሁለት ጊዜ ተደርጎ ሁለቱንም ጊዜ የወሰዱት ግብፆች ናቸው፣ የኛዎቹ ይችሏቸዋል የሚል ሰው አላየሁም አልኩ። ምናለ ያን ቀን አፌን በዘጋልኝ!

አቶ መርስዔ ኃዘን ድጓ የዘለቁ ሰው ናቸው። የማርቆስ መንበር ያለባት፣ ስንት ዘመን ጳጳስ ስትልክልን የኖረች አገር በምን ትሸነፋለች አሉ። አቶ ወዳጆ ተቆጡ። ጵጵስናን ከሩጫ ምን አገናኘው፣ የኛን ልጆች ንቀህ ነው እንጂ አሉ። ተናገሩ፣ ተመላለሱ። በመጨረሻ አቶ ወዳጆ ብድግ አሉና ነጠላቸውን አደግድገው፣ ልክ ችሎት ፊት እንደሚቆሙት ቆመው፣ «በምን ትወራረደኛለህ?» አሉ።

በአባቶቻቸው ጊዜ ሙግት ያለ ውርርድ አይሆንም ነበር፤ በማር ይወራረዳሉ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። የመንግሥት ችሎት ይህን ከተወው ቆይቷል፤ እነሱ ግን አልተዉትም። አቶ መርስዔ ኃዘን «በማሳዋ» አሉ።

የነፍስ አባታቸው አባ አፈወርቅ ይከለክሏቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ምን ይከለክላሉ! በዚያ ክስ ከማንም በላይ የመረራቸው እሳቸው ናቸው። እግዜር ከፈለገ በዚህም ይፈርዳል ብለው ዋስ አስጠሩ። ኢትዮጵያ ካሸነፈች ማሳዋ የወዳጆ፤ ግብፅ ካሸነፈች የመርስዔ ኃዘን፤ እኩል ከወጡ ደግሞ እኩል ተካፍለው ይታረቁ፣ እርቁን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን ተባለ። ከዋሶቹ አንዱ በልማድ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብሎ ተረተና ወዲያው ደነገጠ። አቶ ወዳጆ መሬት መሬቱን አዩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮዬን ትምህርት ቤቱ ግቢ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። አገሩ ሁሉ የጥምቀት ልብሱን ሳያወልቅ ከቧት ተቀመጠ። የሚሆነው የገባው ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ልናገርና ለኔም ግማሹ አልገባኝም። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይንኮሻኮሻል። ጋዜጠኛው አንዴ ግብፅ ሲል አንዴ «የተባበረችው አረብ ሪፑብሊክ» ይላል፤ ሦስተኛ አገር የገባ መስሏቸው ይቺ ደግሞ የማን ወገን ናት አሉኝ። አንድ ናቸው ብል ማን ይመነኝ። አቶ ወዳጆን ያስጨነቃቸው ግን ዳኛው ነው።

«ዳኛው ራሱ ይሮጣል?»

አዎ፣ አብሯቸው ይሮጣል አልኳቸው። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ የሚሮጥ ዳኛ አይቼ አላውቅም፣ የኛዎቹ ከወንበራቸው ለመነሣት እንኳ ሰባት ቀጠሮ ይፈልጋሉ አሉ። ሰዉ ሣቀ፤ እሳቸው ግን አልሣቁም።

መጀመሪያ ግብፅ አገባች። አቶ ወዳጆ ከረጢታቸውን ጭምቅ አድርገው ያዙ። ብዙ ከቆየ በኋላ የኛዎቹ አገቡ፣ ግቢው ተናወጠ። ጩኸቱ ሳይበርድ ግብፅ ሁለተኛ አገባች፤ ግማሹ ሰው አልሰማም፣ እልል ማለቱን ቀጠለ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የኛ ልጆች እንደገና አገቡ። አሁን ማን ስንት እንዳለው እርስ በርስ መጠያየቅ ሆነ። ፊሽካው ተነፋ።

እኔ በተማሪነቴ ኳስ ተጫውቻለሁ። እኛ ስንጫወት ፊሽካ ከተነፋ አበቃ ነው፤ እኩል ከሆንን እኩል ነን፣ ተጨባብጠን ወደ ቤታችን። ለዋንጫ ሲሆን ሰዓት እንደሚጨመር የነገረኝ የለም። ባትሪዋም ልትሞት ነው፣ ሌላ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ «አለቀ፤ ሁለት ለሁለት፣ እኩል ናቸው» አልኩና ሬዲዮዋን ዘጋኋት።

አባ አፈወርቅ መስቀላቸውን አወጡ። ሁለቱ ሰዎች እዚያው ድንጋይ ተሸክመው ይቅር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ። ሙክት ታረደ። ማክሰኞ ማሳዋ በገመድ ተለክታ ለሁለት ተከፈለች፤ ለበልግ ዘር ሊደርሱ ሁለቱም በየድርሻቸው በሬ ጠመዱ። እማማ ወለተኪዳን እንደነገሩኝ አቶ ወዳጆ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ እስክትወጣ ተኙ። አልረታሁም፣ ግን አልተረታሁም አሏቸው አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ትንሽ ኮራሁም።

ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ከደብረ ሲና ጋዜጣ አምጥቶ ሰጠኝ። ቂል ነኝና ሰው መሐል ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ኢትዮጵያ ግብፅን አራት ለሁለት አሸነፈች ይላል።

ገበያው ተተራመሰ። እኩል ሆነው የተለያዩ ሰዎች እንዴት ነው በኋላ የሚሸናነፉት? አንዱ ዳኛው ጉቦ በልቶ ነው አለ። ሌላው ጋዜጣው ተሳስቶ ነው አለ፤ አራት ለሁለት ያሸነፍነው ቱኒዚያን ነው፣ እሷኑ መልሰው ጽፈዋት ነው። እውነትም ያችው ቁጥር ናት! እኔም በዚህች ልወጣ ፈለግሁና ወደ ታች አነበብኩ። ታች ላይ፣ በተጨመረው ሠላሳ ደቂቃ የኛ ልጆች ሁለት ጎል አከሉ ይላል። እኔ ሬዲዮዋን ዘግቼ፣ እኛ ሙክት ስናርድ፣ እነሱ ገና ይሮጡ ነበር።

አቶ መርስዔ ኃዘን ገበያው ውስጥ ነበሩ። ሄደው በሬዎቻቸውን ከድርሻቸው ላይ ፈቱና ወደ ቤታቸው ነዱ። ድርሻቸው ግማሹ ታርሶ፣ ግማሹ ሣሩን እንደያዘ ቀረ። በውርርዱ ከሆነ ማሳዋ በሙሉ የአቶ ወዳጆ ናት። በእርቁ ከሆነ እርቅ ያፈረሰ የተወገዘ ነው። የትኛው ይበልጣል ቢባሉ አባ አፈወርቅ ራሳቸውን ያዙ፤ አስተማሪውን ጠይቁት፣ የፈረደው እሱ ነው አሉ። እኔ አምስት ቀን ከትምህርት ቤት ሌላ የትም አልወጣሁም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ አቶ ወዳጆ ቤቴ መጡ። ከረጢቷ ትከሻቸው ላይ ናት። ተቀመጡና አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ድገመው አሉ፣ ደገምኩት። ሦስተኛም አስነበቡኝ።

«እኔ ስታረቅ ልጆቹ ገና እየሮጡ ነበር?»

አዎ አልኳቸው። እንባዬ መጣ። አላወቅሁም ነበር፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ይመቱኛል ወይስ ያለቅሳሉ፣ ፊታቸውን ማንበብ አቃተኝ።

«ባትዘጋው ኖሮ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ረትቼ ነበር።»

እርግማን ይሁን ምርቃት ያን ጊዜም አልለየሁትም፣ ዛሬም አልለየሁትም። ጋዜጣውን ከእጄ ወስደው አጣጠፉና ከረጢቷ ውስጥ ከወረቀቶቹ ጋር ከተቱት። ቀጥሎ ከረጢቷን ከትከሻቸው አወረዱ። ትከሻቸው ላይ ቁርበቱ የነካው ጨርቅ ሳስቶ ሥጋቸው ይታያል። ግድግዳዬ ላይ ምስማር ፈልገው ሰቀሏትና «ይችንም አብረህ ዝጋልኝ» ብለውኝ ወጡ።

በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ቁልቁል ወደ አቶ መርስዔ ኃዘን ግቢ ወረዱ። እዚያ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ማታውኑ የአቶ መርስዔ ኃዘን በሬዎች ሳይታረስ በቀረው ድርሻቸው ላይ ተጠምደው ነበር፤ እርፉን የያዙት ግን አቶ ወዳጆ ናቸው።

ገብሱ ደርሶ እሸቱ ሲቀጠፍ፣ እማማ ወለተኪዳን እንደ ድሮው ለሁለት ሰው በሶ ቋጠሩ። የምን ቀጠሮ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ቀጠሮ አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች የመጀመሪያዋን እሸት ይዘው የአቶ ወዳጆ ልጅ ተገኘ ወደተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ነው የሄዱት።