ባሕሯ ያልተሰፋ ደሴት

ንጋት ስትናደድ ጮኻ አታውቅም። ነጠላዋን ታጣፋለች፣ በሯን ትዘጋለች፣ ትሄዳለች። የሰፈሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ ያን ዕለት ረፋድ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ስትወርድ ያያት ሁሉ «ደግሞ ዛሬ በማን ላይ ነው?» ተባባለ።

በደሳለ ላይ ነበር። ደሳለ የሟች ባሏ የወንድም ልጅ ነው፤ ላሊበላ ውስጥ እንግዳ የሚያስጎበኝ፣ አፉ ጤፍ የሚቆላ ጎረምሳ። ገና ሲቃረብ ቤቷ መጥቶ «እትዬ፣ ያቺን ደሴት የሚሏትን ስፌት ያውሱኝ። ለገና እንግዶች አሳይቻት እመልስልዎታለሁ» ብሎ ነበር። የሥጋ ዘመድ ነው ብላ ሰጠችው። ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ፣ ደሳለ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። በኋላ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ቀለም የተነከረ የስፌት ሣር፣ አክርማ፣ የምትሸጥላት ረሒማ ያዝ አደረገቻትና «ደሴትሽን ሆቴል ውስጥ ተሰቅላ አየኋት። ቀዩ ምን ነክቶት ነው የጠቆረው? የኔ ቀለም እኮ እንዲያ አይከዳም» አለቻት።

ንጋት ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሌላ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ይቅር ባለች ነበር። ይቺ ግን ጥሩሰው ናት።

ጥሩሰው ሟቹ ባሏ ነው፤ ግንበኛ ነበር። መብራት፣ ስልክ፣ መንገድ፣ ሁሉም የተዘጋበት ያ ክፉ ክረምት ሲመጣ ግንብ የሚያስገነባ ጠፋና ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ግንበኛ ደግሞ ለሚስት አበሳ ነው፤ በምጣዱ አቀማመጥ ላይ ሳይቀር አስተያየት ይሰጣል። አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያይ ሸለቆውን ሁሉ ጉም ሞልቶታል፣ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። «ነይ እይ፣ ደሴት ሆነናል» አላት። ንጋት አዲስ ስፌት ጀምራ እንብርቱን እያጠበቀች ነበር። ጥሩሰው ጎንበስ ብሎ እንብርቱን በጣቱ ነካና «እንግዲያው ይቺ ጫፏ ትሁን» አለ።

በዚህ ተጀመረች። ስሟን ማዶ አሏት። ስፌት ከመሃል ተነሥቶ ወደ ዳር እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ደሴቲቱም ከጫፏ ተነሥታ ቁልቁል ወረደች፤ እያንዳንዱ ዙር አንድ እርከን መሬት ነው፣ አንድ ትውልድም ነው። ጥሩሰው ያወራል፣ ንጋት ትሰፋለች፣ ካልተስማሙ ወስፌዋን መሬት ላይ ታስቀምጣለች።

ባሕር ሁለቱም አያውቁም። እሱ የሄደበት ሩቅ አገር ወልድያ ነው፣ እሷ ደግሞ ፍላቂት። ስለዚህ ማዶን በሚያውቁት ሠሯት። ከላይ ደጋ ነው፣ ገብስ ይዘራበታል። ቀጥሎ ወይና ደጋ ነው፣ ጤፍ። ከዚያ ቆላው፣ ማሽላ። ባሕሩ ዳር ማንም የለም። «ባሕር ዳር ወባ አለ፤ ማን አብዶ ይኖራል?» አለ ጥሩሰው፣ እሷም አመነችው። የማዶ ሰዎች ከተፈጠሩ ጀምሮ እግራቸውን ባሕር ውስጥ ነክረው አያውቁም። ከላይ ሆነው ያዩታል፣ መቼም የማይገለጥ ጉም ነው ይሉታል።

መጀመሪያ የመጣችው ሸጌ የምትባል ሴት ናት፤ አንዲት ዶሮና አንድ እፍኝ ገብስ ይዛ። ከየት እንደመጣች ሲከራከሩ ሰነበቱ፣ አልተስማሙም፣ ስለዚህ ማንም አያውቅም ተባለ። ጥሩሰው ንጉሥ ይኑር አለ። ንጋት አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻ አንድ ንጉሥ፣ ያውም ለአንድ ዙር ብቻ፣ ፈቀደችለት። ንጉሡ ሌላ የሚያስገብረው ቢያጣ ከጉሙ ላይ ግብር ጠየቀ። ሕዝቡም «እሺ፣ ራስዎ ይስፈሩት» ብሎ ስልቻ አስይዞ ጉሙ ውስጥ ለቀቀው፣ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ቀዩ ዙር ደጋውና ቆላው በአንዲት ምንጭ የተዋጉበት ነው። ጥቁሩ ረሃብ ነው። ጥሩሰው ይህንን እንተወው ብሎ ለምኗት ነበር። «ረሃብ ያላየ አገር አለ ብንል ማን ያምነናል?» ብላ ሰፋችው።

ሰማያዊው ላይ ሲደርሱ ጥሩሰው ታመመ። ሕመሙ መድኃኒት ያለው ሕመም ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ከተዘጋው መንገድ ወዲያ ነበር። ተኝቶ እያየ ባሕሩን ሰፋችለት። የመጨረሻው ዙር ሊገጥም አንድ ጋት፣ አራት ጣት ያህል፣ ሲቀረው እጇን ያዘ። «በምሥራቅ በኩል ክፍት ተይልኝ። ጀልባ ይመጣል» አላት። ማን ነው የሚመጣው ስትለው «ነገ እነግርሻለሁ» አለ። አልነገራትም።

ቀባሪው ሄዶ፣ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ያቺ አንድ ጋት እንዳለች ቀረች። ጎረቤት «ኧረ ቋጪው፣ ለምን ተንጨባርሮ ይቀራል» ይላታል። ንጋት ወስፌዋን ከመቀነቷ አትለይም፣ ግን ያቺን ቦታ አትነካም።

እንግዲህ ወደ ሆቴሉ የገባችው ይህንን ሁሉ ተሸክማ ነው። ማዶ ግድግዳው ላይ ናት። ወይራ ጭስ ላይ ሰቅለው አጥቁረዋታል፤ ቀዩና ጥቁሩ አይለይም፣ ጦርነቱና ረሃቡ አንድ ሆኗል። ዙሪያዋን በቆዳ ለብደዋታል። ምሥራቁ ተዘግቷል። ከሥሯ ጽሑፍ ተለጥፏል፣ ቀስ ብላ አነበበችው፦ «ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ስሙ ያልታወቀ መነኩሴ የሰፋው፣ የጥንት ባሕረኞች ደሴት።»

መነኩሴ ስፌት ሲሰፋ የት ነው የታየው? 

ደሳለ እንግዶች ከበውት በእንግሊዝኛ ይዘረግፈዋል። ሲያያት ደነገጠ፣ ቶሎ ብሎም ሳቀ። «እትዬ፣ በደህና መጡ።»

«ስሙ ያልታወቀ?» አለችው።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ላድርግ እትዬ? ቤት የዋለ አጎቴ የፈጠራት ናት ብል ፈገግ ብለው ነው የሚያልፏት። ሰው የሚያከብረው ያረጀ ነገር ነው። ይኸው እኔ አስከበርኳት።»

«አንተ ነህ ያስከበርካት?»

ንጋት ስፌቷን ከሚስማሩ አወረደች፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ወስፌዋን ከመቀነቷ አውጥታ የቆዳውን ክር ትመዝዝ ጀመር። እንግዶቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ከበቧት፣ ፎቶ አነሷት። አንዲት ፀጉሯ የነጣ ፈረንጅ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ጠየቀች።

«ምን እያደረጉ ነው ትላለች» አለ ደሳለ፣ ላብ ላብ እያለው።

«በላት፦ ይቺን ደሴት የፈጠራት ጥሩሰው የሚባል ግንበኛ ነው። ባሌ ነው። ሞቷል።»

ደሳለ ተናገረ። ረዥም ነው የተናገረው፣ እጁንም አወናጨፈ። ንጋት እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ስም ግን አይተረጎምምና ስሙን ጠበቀች። አልመጣም።

«ጥሩሰው አላልክም።»

«ብያለሁ እኮ እትዬ።»

«አላልክም። የባሌን ስም በየትኛውም አገር ቋንቋ ቢጠሩት አውቀዋለሁ። አንተን አዝሎ ያሳደገህን ሰው ስም ነው የዋጥከው። አሁን በል።»

ደሳለ መሬት መሬት እያየ አለው። ፈረንጇ ቃሉን ተቀብላ፣ እየቆራረጠች፣ «ጥሩ... ሰው» አለች። ንጋት እጇ ቆመ። ከተዝካሩ ወዲህ ሰው ሁሉ «ሟቹ» ነበር የሚለው፤ ስሙን አፉን ሞልቶ የጠራው አልነበረም። ይህም ራሱ አናደዳት። ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው የሚጠራውን ስም የገዛ ወንድሙ ልጅ ሊደብቀው።

ቆዳው ተላቀቀ። የአንድ ጋቷ ቦታ ተከፈተች፣ ያልተሰፋው ስንደዶ ወጣ ወጣ ብሎ ታየ። ፈረንጇ ያቺን ቦታ በጣቷ እያሳየች ሌላ ጠየቀች።

«ለምን አልተጨረሰም ትላለች።»

«ጀልባ ይመጣል ብሎ ነው። ማን እንደሚመጣ ሳይነግረኝ ሞተ።»

ደሳለ መተርጎሙን ትቶ ወደ ንጋት ዞረ። «ይህንን አልነገሩኝም እትዬ» አለ።

«መች ጠየቅኸኝ?»

ቆዳውን ወለሉ ላይ ትታ፣ ማዶን በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋት ወጣች። ደሳለ ጽሑፉን ከግድግዳው ቀዶ በእጁ እንደጨበጠ እስከ በሩ ተከተላት። ስሙን እጽፋለሁ፣ እውነቱን እናገራለሁ፣ ብቻ ይመልሱልኝ አለ። እሷ መንገዷን ቀጠለች፣ እሱም ከኋላዋ። ጭሱ ነጠላዋ ድረስ ይሸታል። ቀዩን ምን ብታጥበው ቀይ እንደማይሆን ታውቃለች፣ ረሒማም ብትሆን የጠቆረውን የሚመልስ ቀለም የላትም።

ዳገቱ መነሻ ላይ ሲደርሱ «እትዬ» አላት፣ አሁን ድምፁ የልጅ ሆኖ፣ «ማን ይመስልዎታል የሚመጣው?»

ንጋት ዞር አለች። «አላውቅም» አለችው። «አንተ እንዳልሆንክ ግን አውቃለሁ።»

ነጠላዋን አጥብቃ ዳገቱን ተያያዘችው።