የአይጦቹ ቫይታሚን

ጉለሌ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ለምርምር የሚውሉ አይጦች እንከባከባለሁ። ያን ሰሞን ሥራችን ቫይታሚን ዲ የጡት ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ በአይጦች ላይ መሞከር ነበር። ግማሾቹ ቫይታሚን የተጨመረበት መኖ ይበላሉ፣ ግማሾቹ ተራውን። የትኛው የትኛው እንደሆነ አይነገረኝም፤ መኖው የሚመጣልኝ አንድ እና ሁለት ተብሎ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት እመዝናቸዋለሁ፣ ዕጢ አውጥተው እንደሆነ በጣቴ እዳስሳለሁ።

ሁለት ቁጥርን የሚበሉት ጸጉራቸው ያብረቀርቃል። «በቃ፣ ቫይታሚኑ እነሱ ጋ ነው» ብዬ ደመደምኩ። አንድ እሁድም ቀጨኔ ጎረቤቴ ለሆኑት ሸክላ ሠሪ አሮጊት «ቫይታሚን ካንሰርን ድራሹን ያጠፋዋል!» ብዬ ጉራዬን ነዛሁባቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ብገባ መደርደሪያው ላይ ሦስት ብልቃጥ ኪኒን ተደርድሯል።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ቫይታሚን ነዋ! ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት እውጣለሁ።»

«ማን አዘዘልዎት?»

«አይጦችሽ!»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ግን ደነገጥኩ። ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ኩላሊት እንደሚጎዳ አውቃለሁ።

«እማማ፣ እኔ የነገርኩዎት ግምቴን ነው። ውጤቱ ገና አልታወቀም። አይጥ ላይ ቢሠራ እንኳ ሰው ላይ መሥራቱ ሌላ ጥያቄ ነው።»

አንዱን ብልቃጥ አንስተው አገላበጡት። «እህቴን የወሰደብኝ እሱ በሽታ ነው። ፈርቼ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ታዲያ ተመርምረው ያውቃሉ?»

«ኧረ አፍራለሁ!»

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። የመረመረቻቸው ሴት ነርስ ነበረች። ደም ሰጡ፣ ጡታቸውም ታየ። ምንም አልተገኘባቸውም፤ ኪኒኑን ግን እንዲያቆሙ ተነገራቸው። ስንመለስ የቀጨኔን ዳገት እኔ እያለከለክሁ፣ እሳቸው እየሳቁብኝ ወጣነው።

ከወራት በኋላ የመኖው ምስጢር ተገለጠ። ሁለት ቁጥር ተራው መኖ ነበር! ዕጢውም በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆነ። አለቃችን «ይሄም መልስ ነው» ብሎ አዲስ ሙከራ ማቀድ ጀመረ፤ እኔም ማፈሬን ደብቄ አይጦቼን መመዘኔን ቀጠልኩ።

እማማ ግን ሌላ ሥራ አግኝተዋል። ያቺ ነርስ የምትገባበትን ቀን ይጠይቁና የሰፈሩን ሴቶች እያግባቡ ለምርመራ ይወስዳሉ። ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ይዘው ሲወርዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ አንዷ ልትመለስ ስትል እጇን ጥብቅ አድርገው «እኔ አፍሬ አልሞትኩም፣ ነይ!» ይሏታል።