ልጅ የለኝም ያልኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ምርጫ ሰሞን ነው፣ እዚሁ ዲላ። ለሰው ስተርከው ሁሉም በሳቅ ይፈርሳል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አልስቅም። የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ሲቪክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጠርጣራ ነኝ፣ አልክድም። ባለቤቴ «አንተ እኮ ዶሮ ብትጮህ ማን ልኳት ነው ትላለህ» ትለኛለች። ግን በባዶ ሜዳ አይደለም። ድሮ አንድ ጋዜጣ ያወጣው የምርጫ ውጤት ሲደመር ከመቶ እጅ በላይ ሆነብኝና፣ «እባካችሁ ደምሩት» ብዬ ለአዘጋጁ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤው ሳይወጣ እኔ የጸጥታ ቢሮ ተጠራሁ። «ራስህ ነህ የጻፍከው ወይስ አጽፈውህ?» እየተባልኩ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ሌላ ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ወዲህ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን እንደ ጸሎት እደግመዋለሁ።

በዚያ ሰሞን ቤቴ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። አንዲት ልጄን አስቴርን፣ ከዲላ በላይ ደጋው ላይ ካለችው ከቡሌ ለሆነው ልጅ፣ ለዳዊት ሊጠይቁ። አስቴር ጨለለቅቱ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ልጁን ወዳዋለች፤ እናቷም ነግራኛለች፣ እኔም አላጣሁትም። ግን ሽማግሌ በመጣ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። «ዘመድ እናማክር» ብዬ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠሁ። ቀጠሮው ለማጣራት ነው። ቡሌ ያሉ የድሮ ተማሪዎቼን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። «ጨዋ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡም ጨዋ ነው» አሉኝ። ልቤ አረፈ።

ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ በከድር ሻይ ቤት መቀመጥ ልማዴ ነው። ጋዜጣ ዲላ የሚደርሰው አንድ ቀን ዘግይቶ፣ በአውቶቡስ ነው፤ እኔም እዚያ ሆኜ እጠብቀዋለሁ። አንድ ማክሰኞ የማላውቀው ጎልማሳ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌላ ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይችን አይተዋታል?» አለኝና ጋዜጣውን ዘረጋልኝ።

የአንዱን እጩ ስም ከሌላው እጩ ፎቶ ሥር አውጥተውታል። ዝቅ ብሎ ያለፈው ሳምንት ስህተት ማረሚያ አለ። እሱም ተሳስቷል።

«በሚቀጥለው ሳምንት የማረሚያውን ማረሚያ ሊያወጡ ነው» ብሎ ሳቀ። የእኔም ሳቅ መጣ፣ ዋጥኩት። በምርጫ ሰሞን ከማያውቁት ሰው ጋር በእጩ ፎቶ መሳቅ ቂልነት ነው።

«ሰው ይሳሳታል» አልኩት።

ከዚያ ስለ ምን ቢያወራኝ ጥሩ ነው? ስለ ፊልም! ደግሞ ተኩስና ፍቅር ያለበት ቢሆን ምን ነበረበት። «አርት ሃውስ» የሚሏቸውን ነው የሚወደው። አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ የጠፋች አህያውን ይጠብቃል፤ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነው፤ አለቀ።

«መጣች?» አልኩት ሳላስበው።

«አልመጣችም» አለኝ ደስ ብሎት። «ጋሼ፣ ዋናው አህያዋ አይደለችም። ሰውየው ሲጠብቅ ፊቱ ላይ የሚያዩት ነው።»

የሰው ፊት የሚያነብ ሰው! ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። «ሥራህ ምንድን ነው?» አልኩት። «ቪዲዮ እቀርጻለሁ።» «ማንን?» «የጠራኝን ሁሉ።» ከአዲስ አበባ መጣሁ፣ ስሜ ማቴዎስ ነው አለ። የውሸት ስም ነው አልኩ በልቤ።

በማግስቱም መጣ። አሁንም ጋዜጣ፣ አሁንም ምርጫ። ቆጠራ ሳይጀመር አሸናፊ ስላወጀ ጋዜጣ አወራኝ፤ እውነት ለመናገር ጨዋታ ያውቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የደብዳቤዬን ጉድ አጫውቼው እንስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ላለው ሁሉ «ሁሉም ጥሩ ነው፣ ሁሉም በሥርዓቱ እየሄደ ነው» እያልኩ እንደ ሬዲዮ መለስኩለት። እሱ ፊቴን እያየ ሻዩን ያማስላል። ሲሄድ ባለ ሻይ ቤቱ ከድር ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«መምህር፣ ይሄ ልጅ ስለ እርስዎ ጠየቀኝ። ይጠጣሉ ወይ፣ ከሰው ይጣላሉ ወይ፣ ቤታቸው የት ነው አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር ይጠጣሉ አልኩት።»

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ጆሮ ጠቢ ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሐሙስ መቅረት ፈልጌ ነበር፤ ብቀር የባሰ ይጠረጥረኛል ብዬ ሄድኩ። ማቴዎስ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሻይ አዘዘልኝ። ያን ቀን ጋዜጣም አልዘረጋም።

«ጋሼ፣ ልጆች አሉዎት?» አለኝ።

ወደ ልጄ መጣ ማለት ነው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ልጅ የለኝም» አልኩት።

«ምንም?»

«ምንም። እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሻዩን ሳይጨርስ ደህና ዋሉ ብሎኝ ወጣ። እኔ ሸወድኩት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ዘመድ ተጠራ፣ ክትፎው ከቆጮ ጋር ተሰናዳ። አስቴር አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ጓዳ ተቀመጠች። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ። የመጣም የላከም የለም። ዘመዶቻችን የምግቡን ጣፋጭነት እያደነቁ ሳይተያዩ በሉ። አስቴር ቀሚሷን ቀየረችና ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ማክሰኞ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ በራሶ ብቻቸውን መጡ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ አሉኝ።

«መምህር፣ ምን ነካዎት?» አሉ። «የዳዊት ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ ሊያጣራ መጥቶ ሦስት ቀን አብሮዎት ሻይ ጠጣ። ልጅ የለኝም አሉኝ ይላል። እንግዲህ ወይ ልጅቷ የእርስዎ አይደለችም፣ ወይ እርስዎን ያስካደ ጥፋት አለባት። ቤተሰቡ ይቅርብን ብለዋል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የወንዱም ወገን በስውር እንደሚያጣራ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ለጋብቻ የሚያጣራ ሰው ስለ አህያ ፊልምና ስለ ጋዜጣ ስህተት ያወራል ብዬ ከየት ላምጣው?

ዘወር ስል አስቴር በሩ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ እውነት እንዲህ ብለሃል?»

«ብያለሁ» አልኩ። ዞራ ጓዳ ገባች፣ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋች። ጮኻ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የሴት ልጅ አባት በእግሩ ወንዱ ቤት ሄዶ ሲለምን ታይቶ አይታወቅም። እኔ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት አቶ በራሶን ለምኜ፣ በሞተር፣ ጭቃው የከለከለንን ደግሞ በእግር፣ ቡሌ ገባን። ጉሙ ገና አልተነሣም። የዳዊት አባት ደጅ ላይ ተቀመጡ አሉን። ማቴዎስም ወጣ፤ እውነተኛ ስሙ ነበር። እኔ አልተቀመጥኩም።

«ልጅ አለችኝ» አልኩ። «አንድ ናት። አስቴር ትባላለች። ምንም ጥፋት የለባትም። ይህ ልጅ ጆሮ ጠቢ መስሎኝ ነው የካድኳት።»

መጀመሪያ የሳቀው ማቴዎስ ነው።

«እኔም እኮ እርስዎን ጠርጥሬ ነበር፣ ጋሼ! ሁሉም ጥሩ ነው፣ ሁሉም ጥሩ ነው ሲሉኝ፣ የማን ቤት ነው የምንገባው ብዬ ፈርቻለሁ።» ለካ ሥራው ሰርግ መቅረጽ ነው።

አባቱ ግን አልሳቁም። ቆይተው «ጭቃውን አቋርጦ የመጣ ሰው አይመለስም፤ ቀጠሮው ይታደስ» አሉ። ተመስገን ጌታዬ! አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ሰርጉ ሆነ፣ አማረ። ከአንድ ወር በኋላ አስቴር ልትጠይቀን መጣች። እኔ እንደ ልማዴ ታሪኩን ለጎረቤት ተርኬ አስቄያለሁ። ሰዉ ሲወጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ማቴዎስ እውነት ጆሮ ጠቢ ቢሆን ኖሮስ?»

«አንቺን ማዳኔ ነበራ!»

«ከምን? እኔ ምን አጥፍቼ ነበር?»

ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ፣ የተጠራሁት እኔ፣ የፈራሁት እኔ። ያን ቀን የሸሸግኩት እሷን ሳይሆን ራሴን ነው። ይቅርታ አልኳት። «ተወው አባዬ፣ አልፏል» አለችኝ። ለእሷ አልፎ ይሆናል፤ እኔን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መኪና እንዳያመልጣት ተነሣች። ቦርሳዋን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። መንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለሚያውቋት ጭምር፣ «ልጄ ናት» እላለሁ። «አባዬ፣ በቃ፣ ሰው ይስቃል» አለችኝ። አላቆምኩም።