ሱዳንን በጭፈራ ማቋረጥ፦ አንድ ቀን በሐደራ

ንጋት፣ ቤር ሼቫ

ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጣሁ። አቪታል የምትባል የሐደራ ልጅ ወገኖቻችን በሱዳን በኩል በእግር ወደ እስራኤል የመጡበትን ታሪክ በውዝዋዜ ድራማ እያዘጋጀች ነው። እኔ በየሠርጉ እስክስታ ስመታ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ «የልጆቹን ትከሻ ያስተካክሉልኝ» ብላ ጠራችኝ። ያ ሁሉ ታሪክ የጎደለው ትከሻ ብቻ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ራሴ የመጣሁት በአውሮፕላን ነው፤ የማውቀው የእግር መንገድ ከፌርማታው እስከ ቤቴ ያለውን ነው።

ረፋድ፣ ሐደራ

ባቡሩ ውስጥ ወታደሮች ጠመንጃቸውን አቅፈው ተኝተዋል። የበላሁት የቱና ሳንድዊች ከእኔ ቀድሞ የተሳፈረ ይመስላል። ከጣቢያው ጊቫት ኦልጋ ወደሚባለው የከተማው ሰፈር በታክሲ ሄድኩ።

«የእናንተ ጭፈራ ደስ ይለኛል» አለኝ ሾፌሩ በዕብራይስጥ። «ትከሻችሁ አጥንት የለውም እንዴ?»

«አጥንቱን አየር ማረፊያ አስረክበን ነው የገባነው» አልኩት።

አዘነልኝ።

ማትናስ፣ የሰፈሩ አዳራሽ

«ጋሼ፣ ይዩትና ይንገሩኝ፣ በሰደር፣ እሺ?» አለችኝ አቪታል።

አሥር ልጆች ወርቅማ ጥልፍ ለብሰው፣ የፕላስቲክ እንስራ አዝለው፣ በረሃውን በከበሮ እየዘለሉ አቋረጡት። አንድም ሰው አልደከመም፣ አልጠማውም። እንዲህ የተመቸ ስደት አይቼ አላውቅም። እኔም «ትከሻ ጨምሩ» አልኩ።

ጥግ ላይ እማማ ጥሩነሽ ተቀምጠዋል። ያን መንገድ በእግራቸው የሄዱት እሳቸው ናቸው። ወንበርና ውሃ ተሰጥቷቸዋል፤ ስማቸውም በትርኢቱ ወረቀት ላይ «አማካሪ» ተብሎ ታትሟል። ያማከራቸው ግን የለም።

«እንዴት አዩት፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ቆንጆ ልጆች ናቸው። በደንብ የበሉ።»

«መንገዱስ እንዲህ ነበር?»

«ሽፍታ እንዳይሰማን ማሳል እንኳ እንፈራ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ያዘልኩት እኔ ነኝ፤ ገና ጡት አልጣለም። ሲያለቅስ ቆየና ዝም አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ልታጠባው ስታወርደው ነው ያወቅነው።»

አቪታል ሙዚቃውን አጥፍታ አጠገባችን ቆማ ነበር።

«እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ፣ ልጄ።»

አቪታል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ትርኢቱ የዛሬ ሳምንት ነው፤ ያማረላትም ይሄ ክፍል ነበር። «ጭፈራውን ከዚህ እናወጣዋለን» አለች በመጨረሻ።

«ሰው የሚመጣው እኮ እስክስታ ሊያይ ነው» አለች አንዷ ልጅ። ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነበር።

እማማ ጥሩነሽ ተነስተው ከፊት ቆሙ። «እግራችሁን አታንሱ፣ ጎትቱት። የኋለኛው እንዳይጠፋ እጃችሁን ስጡት።»

ያለ ከበሮ ሄዱ። የመጨረሻዋ ልጅ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ቦርሳዬን አስቀምጬ ያዝኳት። አዳራሹን ስንዞር የማንም ትከሻ አልተነቀነቀም፤ የእኔም።

ከሰዓት በኋላ

ልሰናበት ስል አቪታል ስልኳን አውጥታ ደቂቃ ትቆጥር ነበር።

«እማማ፣ ጉዞው ስንት ደቂቃ ይሁን? ሰው እንዳይሰለች።»

«ይሰልች እንጂ» አሉ እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ሰልችቷቸው ልንነሳ ሲሉ፣ ያኔ ትንሽ ጨምሪበት።»