ግራ እጃችሁን አንሱ ስንባል

ዛሬ ጠዋት መካኒሳ ስፖርት ቤት፣ ፍራሽ ላይ ተንጋለን ሰውነት ስናፍታታ፣ እኔና ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ባንዴ ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ ሰቀልን።

አሰልጣኟ ልጅ እግር ናት። "አይናችሁን ጨፍኑና ወደ ወጣትነታችሁ ተመለሱ" አለችን በለሰለሰ ድምፅ።

ተመለስኩ። ያገኘሁት የደርግ ጊዜ የቀበሌ አዳራሽ ነው። የእሁድ ስብሰባ፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ ንግግሩን የማይጨርስ ካድሬ። መቅረት ደግሞ አይታሰብም፤ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም።

"ትከሻችሁን ልቀቁት" ትላለች ልጅቷ። የኔ ትከሻ ካድሬው እስኪጨርስ እየጠበቀ ነው።

ከዚያ "አሁን ቀስ ብላችሁ ግራ እጃችሁን አንሱ" አለች። በቃ፣ እጃችን በራሱ ተጨበጠ። ያኔ መፈክር የምናሰማው እንደዚያ ነበራ።

ልጅቷ ደነገጠች። "ምነው እናቶቼ፣ ለምን ጨበጣችሁት?"

እትዬ አስካለ አይናቸውን ሳይገልጡ መለሱላት፦ "ልጄ፣ ስብሰባው የሚያልቀው እንዲህ ስናደርግ ነው። ከዚያ ወደ ቤታችን ነው።"

እውነትም፣ ትከሻዬ የወረደው ይሄኔ ነው።

የዚያ ዘመን ሰዎች፣ የናንተስ እጅ አሁንም በራሱ ይነሳል ወይስ እኔና እትዬ አስካለ ብቻ ነን?